ሙዚየም ብረቱን፣ ሲሙሌተር ጠባዩን ያቆያል

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላኖች ዛሬ በአብዛኛው የሚታዩት በሁለት ቦታ ነው፤ በሙዚየም አዳራሽና በኮምፒውተር መስኮት። በሙዚየም ያሉት ተወልውለው፣ ነዳጃቸው ተቀድቶ፣ ዙሪያቸው በገመድ ታጥሮ ቆመዋል። በኮምፒውተር ያሉት ግን ሞተራቸው ይነሣል፣ ይግላል፣ ይንገዳገዳሉ፤ አብራሪያቸው ከተዘናጋም ይከሰከሳሉ። ልጃቸው ማታ ማታ መሪ ጨብጦ ከስፒትፋየር ጋር ሲታገል የሚያዩ ብዙ ወላጆች ነገሩን «ጨዋታ ነው» ብለው ያልፉታል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። አሮጌ የጦር አውሮፕላንን በምስለ በረራ፣ በተለምዶ ሲሙሌተር በምንለው መሣሪያ፣ በሥርዓት ማብረር መማር ከመጥፋት አፋፍ ላይ ያለን የእጅ ዕውቀት የማቆየት ሥራ ነው። ጉዳዩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ከምንገምተው በላይ ቅርብ ነው፤ ጊዜውም እያለፈብን ነው።

ከወናፍ የተወለደ ትምህርት ቤት

ሲሙሌተርን እንደ መጫወቻ መቁጠር አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት፣ በቢንጋምተን ከተማ የኦርጋንና የፒያኖ ሠሪ ልጅ የነበረው ኤድዊን ሊንክ፣ የበረራ ትምህርት ውድነት ሌላ መንገድ እንዲፈልግ አስገደደው። ኦርጋኑን የሚያስጮኸውን የወናፍ ጥበብ ወስዶ በአንዲት ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ሥር ገጠመው። ተማሪው መሪውን ሲያንቀሳቅስ ወናፎቹ እየተነፉና እየተኮማተሩ ሳጥኑን ያጋድሉታል፣ ያዞሩታል። ሊንክ የፈጠራ መብት ጥያቄውን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1929 ነበር። ፊተኞቹ ገዢዎቹ ግን በአመዛኙ የመዝናኛ ፓርኮች ነበሩ።

ሁኔታውን የለወጠው ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር አየር ጓድ የፖስታ ማመላለስ ሥራን ተረከበ። በጭጋግና በበረዶ ውስጥ መሣሪያ እያነበቡ ማብረር በቅጡ ያልሠለጠኑ አብራሪዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተራ በተራ ወደቁ። ያን ጊዜ ሠራዊቱ ስድስት የሊንክ ሳጥኖችን ገዛ። የዓለም ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ በዚያ «ሰማያዊ ሳጥን» ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አየርተኞች እንደሠለጠኑ ይነገራል። እንግዲህ ዛሬ አሮጌውን ተዋጊ አውሮፕላን በሲሙሌተር የሚማር ወጣት ከታሪኩ ውጭ የሆነ ነገር አላደረገም። የዚያ ዘመን አብራሪዎችም ትምህርታቸውን የጀመሩት መሬት ላይ በተተከለ ሳጥን ውስጥ ነው።

አውሮፕላኑ መልስ ሲሰጥ

ስፒትፋየርን እንውሰድ። የመጀመሪያው ናሙና እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1936 በእንግሊዝ አገር በረረ፤ ከዚያ በኋላ ከ20,000 በላይ ተሠርተዋል። በጦርነቱ ዓመታት ይህ አውሮፕላን የአሠልጣኝ መቀመጫ አልነበረውም። በመሆኑም ወጣቱ አብራሪ ስፒትፋየርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበርር ብቻውን ነበር። መመሪያውን ያነብባል፤ ዓይኑ ታስሮ እያንዳንዱን ማንሻና ማብሪያ በዳበሳ እንዲያገኝ ይፈተናል፤ ከዚያም ይሄዳል። መሳሳት የሚችለው ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሲሙሌተሩ ለዛሬው ተማሪ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ያ አብራሪ ያላገኘው ነገር ነው፤ ደጋግሞ የመውደቅ መብት።

ተማሪው የሚወድቀው ደግሞ ከጠላት ጋር ሳይገናኝ፣ ገና መንደርደሪያው ላይ ነው። ነዳጅ መስጫውን በጥድፊያ ወደፊት ከገፋው አውሮፕላኑ ወደ ግራ ይጠመዘዝና ከመንገዱ ይወጣል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ አራት ኃይሎች በአንድነት ይተባበሩበታል። አንደኛ፣ የመርሊን ሞተር ውልብልቢቱን ከአብራሪው ዕይታ አንጻር ወደ ቀኝ ሲያዞር፣ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት የአውሮፕላኑ አካል ወደ ግራ ይገፋል፤ የግራው ጎማም መሬቱን አጥብቆ ይጫናል። ሁለተኛ፣ ውልብልቢቱ ወደ ኋላ የሚወረውረው አየር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ገመድ እየተጠማዘዘ ሄዶ የጭራውን ክንፍ ከግራ ጎኑ ይመታዋል። ሦስተኛ፣ ጭራው መሬት ላይ እስካለ ድረስ አፍንጫው ወደ ሰማይ ያቀናል፤ ስለዚህ በቀኝ በኩል ወደ ታች የሚወርደው ምላጭ በግራ ከሚወጣው ይልቅ አየሩን አጥብቆ ይይዛል። አራተኛ፣ ውልብልቢቱ እንደ ትልቅ እንዝርት ነው። ጭራው ሲነሣ እንዝርቱ ዘንበል ይላል፤ የሚሽከረከር ነገር ደግሞ ሲያዘነብሉት የተጫነበትን ኃይል ወደ ጎን ስለሚመልስ አፍንጫውን እንደገና ወደ ግራ ይስበዋል።

መድኃኒቱ የቀኝ እግር ነው። ኃይሉን ቀስ በቀስ እየጨመሩ የቀኙን ፔዳል መርገጥ፣ ፍጥነት ሲጨምርና የጭራው መቅዘፊያ ጉልበት ሲያገኝ ደግሞ እግርን ማላላት ያስፈልጋል። ይህን በቃል ማስረዳት ቀላል ነው፤ እግር እስኪያውቀው ድረስ ግን ዕውቀት አይባልም። በኋላ የመጡት፣ ግሪፎን የተባለውን ሞተር የተሸከሙት ስፒትፋየሮች ውልብልቢታቸው በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚዞር ወደ ቀኝ ይስቡ ነበር። ቀኝ እግሩን ለዓመታት ያሠለጠነ አብራሪ በግራው እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

ሌሎቹም ጠባዮች እንዲሁ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆይ በራዲያተሮቹ ውስጥ የሚያልፈው አየር አነስተኛ ስለሆነ ውኃው ይፈላል፤ ስለዚህ ሞተር አስነሥቶ መዘግየት አይቻልም። ረጅሙ አፍንጫ የፊቱን መንገድ ስለሚጋርድ አብራሪው መሬት ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይነዳል፤ ለማረፍ ሲመጣም መንደርደሪያው እንዳይሰወርበት ዞር ባለ መስመር ይቀርባል። ጎማዎቹ ተቀራርበው የተተከሉ በመሆናቸው ካረፈ በኋላም ቢሆን ልቡን ማሳረፍ አይችልም።

የመጀመሪያዎቹ ስፒትፋየሮች ደግሞ አፍንጫቸው በድንገት ወደ ታች ሲደፋ ሞተራቸው ይንተፋተፍ ነበር፤ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ ላይ እየተወረወረ ሥርዓቱ ይዛባልና። የጀርመኖቹ ሞተሮች ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ስለሚረጩ ይህ ችግር አልነበረባቸውም። መላ ያበጀችው ቢያትሪስ ሺሊንግ የተባለች እንግሊዛዊት መሐንዲስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1941 የነዳጁን ፍሰት የሚገድብ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የብረት ቁራጭ እንዲገጠም አደረገች። ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ያውቀዋል። በሲሙሌተር ጠላትን ተከትሎ ወደ ታች ሲወረወር ሞተሩ የከዳው ሰው ግን ያ ቁራጭ ብረት የሰው ሕይወት ዋጋ እንደነበረው ይገባዋል።

እንደ ዲሲኤስ ወርልድ ያሉት ጥንቁቅ ሲሙሌተሮች ይህን ሁሉ በቀረጻ አያሳዩም። በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ በክንፉ፣ በጭራው፣ በጎማውና በውልብልቢቱ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ያሰላሉ። ጠባዩ የስሌቱ ውጤት ነው። ለዚህም ነው ሙዚየም የማይችለውን የሚችሉት። ሙዚየም የአውሮፕላኑን ብረት ያቆያል፤ ብረቱ እንዴት ይቆጣ፣ እንዴት ይገራ እንደነበር ግን የቆመ ብረት አይናገርም።

ሲሙሌተር የማያስተምረው

ይህን ሁሉ ስል የሲሙሌተሩን ድንበር እዘነጋለሁ ማለት አይደለም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በጠባብ ዙር ሲዞር ደሙ ከራሱ ወደ እግሩ አይወርድም፣ ዓይኑ አይጨልምም። በጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ በደመና ውስጥ አያታልለውም። የቤንዚን ሽታና የሞት ፍርሃት የሉም። ቁልፍ ተጭኖ እንደገና መጀመር የለመደ እጅም ለእውነተኛው ሰማይ አደገኛ ልማድ ሊይዝ ይችላል፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና። የአቪዬሽን ባለሥልጣናት የቤት ውስጥ የጨዋታ ሰዓትን እንደ በረራ ሰዓት የማይቆጥሩት በከንቱ አይደለም።

ከዚህ የከበደው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሲሙሌተሩ አውሮፕላኑ ከሥሩ ያለውን ሰው ምን እንዳደረገው አያሳይም። ስፒትፋየር ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረበት በዚያው ወር መጨረሻ የማይጨው ጦርነት ተካሄደ። የእንግሊዝ መሐንዲሶች የአዲሱን ክንፍ ውበት ሲያደንቁ፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሠራዊትና ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘንቡ ነበር። በራሳችን አገርም በ1980 ዓ.ም. የሐውዜን ገበያተኛ በራሱ መንግሥት አውሮፕላኖች ተደብድቧል። የጦር አውሮፕላንን ማድነቅ የሚማር ልጅ ይህንንም አብሮ ሊማር ይገባል። ማሽኑን ማወቅና ማሽኑ የዋለበትን ማወቅ ተነጣጥለው ሲቀሩ የመጀመሪያው ዕውቀት ጎደሎ ይሆናል።

የእኛ አውሮፕላኖች ጠባይ የት ነው ያለው?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከጦርነቱ በኋላ ከስዊድን ሳብ-17፣ ከካናዳ ደግሞ ፋየርፍላይ የተባሉ አውሮፕላኖችን ገዝቶ አብርሯል። ፋየርፍላይ ከላይ ያነሣነውን፣ በተቃራኒ የሚዞረውን የግሪፎን ሞተር የተሸከመ ነው። በኢትዮጵያ ሰማይ ካገለገሉት አንዱ ዛሬ በኦታዋ፣ በካናዳ የአቪዬሽንና የጠፈር ሙዚየም ይገኛል። ከዚያም ኤፍ-86 ሴበር፣ ኤፍ-5፣ በኋላም ሚግ-21 መጡ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓይነቶች ማብሪያና ማጥፊያቸው ሳይቀር በሲሙሌተር ተሠርተዋል፤ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም፣ በዱባይም ሆነ በለንደን ያለ ወጣት ዛሬ ማታ ሊያስነሣቸው ይችላል።

የሲሙሌተሩ ሴበር ግን የመጽሐፉ ሴበር ነው። የቢሾፍቱ ሴበር በመመሪያው ውስጥ የለም። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ17 በመቶ ገደማ ይሳሳል። በመሆኑም የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር ሲያሳይ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ 10 በመቶ ያህል ይበልጥ ይፈጥናል፤ ሞተሩ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። የቀትር ሙቀት ሲጨመርበት መንደርደሪያው ያጥራል፣ ፍሬኑ ይግላል። ይህን ማንም ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው በወረቀት ሊያሰላ ይችላል። አብራሪዎቹ በተግባር እንዴት እንደተወጡት፣ የጥገና ባለሙያዎቹ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ሞተሩን በምን መላ እንዳቆዩት፣ ድምፁን ሰምተው ምን ብልሽት እንዳለ እንዴት ይለዩ እንደነበር ግን የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ከመካከላችን ናቸው። ከፊሎቹ በአገር ቤት፣ ከፊሎቹ በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በመስጊድ ደጃፍ፣ በዕድርና በሠርግ ድንኳን እናገኛቸዋለን። ሰላምታ ሰጥተናቸው እናልፋለን እንጂ «ሴበሩን መሬት ሲያስነኩ እጅዎ ምን ያደርግ ነበር?» ብለን አንጠይቃቸውም። ስለ ጦርነቱና ስለ ፖለቲካው የጻፉና የተናገሩ ጥቂቶች አይደሉም። ስለ እጃቸው ዕውቀት ግን የሚጠይቃቸው ሰው እምብዛም ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት የሚሻ ነገር አይደለም። በየከተማው ያሉ የኮሚኒቲ ማኅበራት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይመድቡ። ሲሙሌተሩን የሚያውቀው ወጣት ኮምፒውተሩንና መሪውን ይዞ ይምጣ፤ አውሮፕላኑን የሚያውቁት አዛውንት ከጎኑ ይቀመጡ። ወጣቱ ያስነሣ፣ አዛውንቱ ያርሙት። «እዚህ ላይ እንዲህ አናደርግም ነበር» የሚሉበት እያንዳንዱ ጊዜ ከመጽሐፍ ውጭ የሆነ ዕውቀት የተገኘበት ጊዜ ነው፤ በስልክም ቢሆን ይቀረጽ። የአብራሪዎቹ ብቻ ሳይሆን የመካኒኮቹ፣ የመሣሪያ ባለሙያዎቹና የማማ ተቆጣጣሪዎቹም ቃል ይመዝገብ። ስለ በረራው ሲነገር ስለ ጦርነቱም ይነገራልና ልጁ ውበቱንና ኀዘኑን ከአንድ አፍ ይሰማል።

ፋየርፍላዩን ካናዳውያን ከእኛ አገር ወስደው በክብር አኑረውታል፤ ብረቱን የሚያቆይ አልጠፋም። በግራ እግሩ ይገራው የነበረው ኢትዮጵያዊ አብራሪ የሚያውቀውን ግን ሌላ ማንም ሊያቆይልን አይችልም። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው፤ ጥያቄውን ይዘን መሄድ ያለብን አዛውንቶቹ መልስ ሊሰጡን በሚችሉበት በዚህ ጊዜ ነው።