የጡረታችን ብር የማን ነው?

በአገራችን ስለ ጡረታ የሚወራው ሰው ሽበት አውጥቶ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ሲጀምር ነው። እኔ ዛሬ ላወራ የፈለግኩት ግን ገና ለሚሠራው ነው። ደመወዙን ተቀብሎ፣ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ከፍሎ፣ ወሩ ሳይጋመስ ብድር ለሚጠይቀው። ጎበዝ! በደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ «ጡረታ» ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈችውን ቁጥር ልብ ብላችኋታል?

በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኛውን ወደ ጡረታ አስገባው። መዋጮው ደረጃ በደረጃ አድጎ ሠራተኛው ከደመወዙ 7፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበት ደረጃ ላይ ደረሰ። የ10,000 ብር ደመወዝተኛ ከሆናችሁ በወር 1,800፣ በዓመት 21,600 ብር ይገባል ማለት ነው። የአሠሪው ድርሻ ምፅዋት እንዳይመስላችሁ፤ እሱም የላባችሁ ዋጋ ነው። ታዲያ ከመካከላችን እስከ ዛሬ ስንት እንደተጠራቀመለት የሚያውቅ ማነው? ባንክ ለ500 ብር እንኳ ደብተር ይሰጠናል፣ በስልካችን መልእክት ይልክልናል። ዕድሜ ልክ ለሚቆረጠው ገንዘብ ግን «ተቆርጧል» ከምትለው መስመር ሌላ ለእኔ የደረሰኝ ነገር የለም።

ገንዘቡስ ተቀምጦ ምን ሠራ? በ2012 ዓ.ም. የግምጃ ቤት ሰነድ ገበያው እስኪሻሻል ድረስ የሰነዱ ዋነኛ ገዢዎች የጡረታ ፈንዶቹ ነበሩ። ወለዱ ደግሞ የቁጠባ ደብተር ከሚከፍለው ያነሰ ነበር። በግልጽ አማርኛ ሠራተኛው ለመንግሥት በርካሽ አበደረ ማለት ነው። ያውም ሳይጠየቅ!

ጡረታ ይፍረስ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የድሮው ፕሮቪደንት ፈንድ ናፋቂዎች ብዙ ናቸው፤ እውነት ነው፣ ሰው የራሱን ሂሳብ ያይ ነበር፣ ሥራ ሲለቅም ጠቅልሎ ይወስዳል። ግን ስንቱ ነው ያንን ጥቅል ብር ለልጁ ሠርግ፣ ለዘመድ ብድር፣ ለማያውቀው ንግድ በትኖ በስልሳ ዓመቱ ባዶ እጁን የቀረው? ጡረታ ቢያንስ እስከ ዕለተ ሞት ይከፈላል፤ ባል ቢሞት ሚስት ግማሹን ታገኛለች። ሆኖም ስሌቱን እንየው። ለ10 ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። 30 ዓመት የለፋ ሰው 55 በመቶ ይደርሰዋል። በሙሉ ደመወዝ ወር መድረስ ያቃተው ሰው በግማሹ እንዴት ይኖራል?

«እንግዲያው ራስህ ቆጥብ!» ይባላል። እሺ፣ የት? በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ብር ሲረክስ ብሔራዊ ባንክ የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ መንግሥት ራሱ ባወጣው ቁጥር ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070 ብር ቆጥሮ ሲወጣ፣ ገበያ ላይ ግን አምና በ820 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው የሚገዛበት። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቆጣቢውን ግን ማንም «ይቅርታ» ያለው የለም።

ዕቁብ ጥሩ ነው፤ ገንዘባችንን ከራሳችን እጅ ይጠብቅልናል። ግን ኑሮ በሚንርበት ጊዜ የዕጣው ተራ ራሱ ዋጋ አለው። ሃያ ሰው በወር 2,000 ብር ሲጥል መጀመሪያ የወጣለት 40,000 ብሩን ይዞ በዚያ ወር ዋጋ ይገዛል። ሃያኛው ያንኑ 40,000 ብር ሲቀበል ዕቃው ጨምሮ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዕቁብ ለጣሪያ ቆርቆሮ እንጂ ለሃያ ዓመት ማስቀመጫ አይሆንም።

አክሲዮንስ? ከ1986 ዓ.ም. በኋላ የግል ባንኮች ሲከፈቱ አነስተኛ ድርሻ የገዙ ደመወዝተኞች ዛሬም የትርፍ ድርሻ ይቀበላሉ። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያውም ተመረቀ። በር ነው፣ አልክድም። ግን የአክሲዮን ትልቁ ችግር ሲቸግር ገዢ ማግኘቱ ነው። አክሲዮን ሸጠው፣ ቢሮ ዘግተው የጠፉትንም አልረሳንም። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፤ የሦስት ወር ቀለብ ባንክ ይቀመጣል፣ ከዚያ የተረፈው ብቻ ሌላ ነገር ይገዛበታል። የቀለቡን ብር አክሲዮን ያደረገ ሰው ልጁ ሲታመም በግማሽ ዋጋ ይሸጠዋል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። እኔ የሠራሁበት አንድ ድርጅት (ስሙ ይቅርብኝ) ለወራት ጡረታ ከደመወዛችን ሲቆርጥ ከርሞ ገቢ አላደረገም። ያስመለስነው የደመወዝ ወረቀቶቻችንን ይዘን በመጮሃችን ነው። ወረቀቱን የጣለ ባልደረባችን ተጨማሪ ስድስት ወር ተመላለሰ።

ባለሥልጣናቱን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንዲት ወረቀት ይላኩ፤ ስንት ዓመት እንደተመዘገበለት፣ አሠሪው ስንት ወር እንዳልከፈለ፣ ዛሬ ጡረታ ቢወጣ በወር ስንት እንደሚያገኝ የምትናገር። በጀርባዋ ደግሞ ገንዘቡ የት እንደዋለና ስንት እንዳተረፈ ይጻፍባት። ይህችን ማዘጋጀት ከመቁረጡ ይከብዳል?