በአንድ ሽንፈት አይፈረድ

በመኝታ ቤታችን የቅርጫት ኳስ ክርክር ጦፏል። ወጣት የበዛበት ቡድን በተሸነፈ ቁጥር «በቃ፣ ይሄ የትም አይደርስ! ሸጦ ታዋቂ ተጫዋች ያምጣ» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኔ አልስማማም።

እስቲ የአሜሪካውን ኦክላሆማ ሲቲን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2021 ሜምፊስ 152 ለ79 ረታው፤ በኤንቢኤ ታሪክ እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት ታይቶ አያውቅም ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 24ቱን ብቻ ነው። ቢሆንም አሠልጣኙ አልተባረረም፤ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርም አልተሸጠም። በ2022 ሆልምግሬንና ጄለን ዊሊያምስ ተመለመሉ። ልምድ ያላቸው ካሩሶና ሃርተንስታይን የተጨመሩት መሠረቱ ከተጣለ በኋላ፣ በ2024 ነው። በ2025 ዋንጫውን አነሡ።

ጎበዝ፣ ነገ ክፍል ስንገባስ? በመጀመሪያው ፈተና የወደቀውን ልጅ «አይረባም» እንዳንል እሰጋለሁ።