አራት የሞላች ጉድጓድ የማን ናት?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወንዶች ማደሪያ በረንዳ ላይ የተደረገው የገበጣ ፍጻሜ ያለ አሸናፊ መበተኑን ያልሰማ እጩ መምህር በግቢያችን አለ ብለን አናምንም። ወሬው ግን እንደ ልማዱ እግር አውጥቶ አንዱ «ተደባደቡ» ሲል ሌላው «ጠጠር ተሰረቀ» እያለ ስለሚያወራ፣ እኛ በቦታው የነበርን ያየነውን ለመጻፍና አስተያየታችንንም ለመስጠት ተነሣን። ድብድብ አልነበረም። ስለ ጠጠሩ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጋጣሚዎቹ አንዱ የይፋግ፣ ሌላው የጋይንት ልጅ ናቸው። ገበጣው ባለ 12 ጉድጓድ ነው፤ በየጉድጓዱ 4፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር። ሁሉም የተስማማበት ደንብ ይህ ነበር፦ ተጫዋቹ በራሱ በኩል ካሉት 6 ጉድጓዶች የአንዱን ጠጠር አንሥቶ አንድ አንድ እያለ ይዘራል፤ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈ ተራው ያልፋል፤ ጠጠር ያለበት ላይ ካረፈ ግን ያንን አንሥቶ ይቀጥላል። እየዘራ ሲያልፍ አንድ ጉድጓድ 4 ከሞላ «ወለደች» ይባላል፤ ጥጃዋም ለባለ በረቱ ናት፤ ማለትም ጉድጓዱ በማን በኩል ነው? እሱ ይወስዳል።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። የይፋጉ ልጅ እየዘራ ሄዶ ሄዶ የመጨረሻዋ ጠጠር 3 ጠጠር ባለበት በጋይንቱ ልጅ ጉድጓድ ላይ አረፈች። 4 ሞላ። የይፋጉ ልጅ «ወለደች! ያዋለድኩት እኔ ነኝና የኔ ናት» አለ። ያኛው «በረቱ የማን ሆነና ነው? ጥጃዋ የኔ ናት» አለ። ይህ ሳያንስ ከተመልካቹ መካከል አንድ የደራ ልጅ «ኧረ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ ጠጠር ያለበት ላይ አይደል ያረፈው? አንሥቶ ይቀጥላል እንጂ ማን ይወስዳል?» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ ለመለየት አልተቻለም።

ዳኛው ለባለ በረቱ ፈረደ። እዚህ ላይ ነው የኛ ቅሬታ። ይኸው ዳኛ ከአንድ ሳምንት በፊት በግማሽ ፍጻሜው ይኸው ነገር ሲገጥመው ለዘሪው ነበር የፈረደው፤ እኛ ቁጭ ብለን አይተናል። ሰውየው አድልቷል አንልም። የመጀመሪያውን ፍርድ ረስቶት ይሆናል፤ የጻፈው አልነበረማ። ነገር ግን ሁለቱ ልጆች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከአንድ ትሪ የሚበሉ ነበሩ፤ ከቅዳሜ ወዲህ አንዱ በመመገቢያ አዳራሹ በር በኩል፣ ሌላው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ነው የሚበሉት። ስለ አራት ጠጠር!

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ነገሩ በማሰብ ብቻ ይፈታል» ይላሉ። ለዚህም ከመካከላችን አንዱ የአጎቱ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ያሳየውን የካርታ ጨዋታ ይጠቅሳል። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል፤ ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ምሁር ፈጥሮት በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣ ነው። እንደኛ ኮንከር አይደለም፤ ከ20 ሺህ በላይ ልዩ ልዩ ካርታ አለው፤ ጠንቋዩ፣ ዘንዶው፣ አስማቱ ሁሉ በላዩ ላይ የየራሱ ደንብ ተጽፎበታል። እንግዲህ ሁለት ካርታ ሲጋጩ ምን ይደረግ? የደንቡ መጽሐፍ ከ200 ገጽ በላይ ሲሆን ከመግቢያው ላይ የተቀመጡት ሁለት ቃሎች ግን አጭር ናቸው። ካርታው ከጠቅላላው ደንብ ጋር ከተጣላ ካርታው ያሸንፋል። «አይቻልም» የሚለው «ይቻላል» ከሚለው ጋር ከተጣላ ደግሞ «አይቻልም» ያሸንፋል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ በሌላው ላይ አስማት ከደራረቡ መጨረሻ የተጣለው መጀመሪያ ይፈጸማል፤ እንደ ታጠበ ሳህን ክምር ከላይ ነው የሚነሣው።

በዚህ መንገድ ከሄድን የደራው ልጅ ይረታል። «ጠጠር ያለበት ላይ ካረፈ አንሥቶ ይቀጥላል» ጠቅላላ ደንብ ነው፤ «4 ከሞላ ወለደች» ደግሞ የተለየ ደንብ ነው፤ የተለየው ጠቅላላውን ይበልጣል። ጥሩ ሙግት ነው፤ እኛም ለጥቂት ሰዓት አምነንበት ነበር። የደራው ልጅ ግን ማታ በአልጋው ላይ ሆኖ እንዲህ ሲል መለሰልን፦ «እኛ ዘንድ ወለደች የሚባለው ሲታለፍ ለሞላው ነው፤ ለመጨረሻው ጠጠር ተብሎ አያውቅም። ታዲያ የትኛው ነው የተለየ?» ዝም አልን። የይፋጉም ደንብ፣ የጋይንቱም፣ የደራውም በየራሱ ሙሉ ነው፤ ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳው የተከፈተው ሦስቱ አንድ በረንዳ ላይ የተገናኙ ጊዜ ነው። ለካርታው ጨዋታ ቢቸግር የሚጠየቅ አሳታሚ አለው፤ በትልልቅ ውድድሩም ደንቡን ያጠኑ ዳኞች ይቆማሉ። የገበጣን ደንብ የምንጠይቀው ማንን ነው? የየአያቶቻችንን ነዋ፤ እነሱ ደግሞ አይስማሙም።

የሌላው ሰው ደንብ ሁልጊዜ ማጭበርበር ይመስላል። በሀገራችን ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም እኩል እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባል ነበር። የፈረንጁን ቼዝ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያይ ዳኛ ይጠራል።

አሁን የሰማነው ወሬ፣ አዘጋጁ ክበብ አንድ ደንብ ጽፎ በግድግዳ ሊለጥፍና «ከዚህ ውጭ ገበጣ የለም» ሊል ነው። ይህን በብርቱ እንቃወማለን። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት ከመቶ የሚበልጥ የአጨዋወት ዓይነት መዝግበዋል። እኛ ነገ ተመርቀን በየገጠሩ የምንበተን ነን። የተቋሙን ደንብ ይዘን ከሄድን፣ ልጆቹ ከቤታቸው ያመጡትን «ስሕተት» ብለን እንሰርዛለን ማለት ነው። ይህ ደግሞ የምናብ ነገር አይደለም። ከመካከላችን አንዱ በተግባር ልምምድ ጊዜ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጆች በእረፍት ሰዓት ዋልካው ላይ ጉድጓድ ምሰው ሲጫወቱ ተጣልተው «ጋሼ፣ ይፍረዱን» አሉት። እሱም ሳያስብ «እኛ አገር እንዲህ ነው» ብሎ ፈረደ። ልጆቹ እሺ አሉ፤ መምህር ተናግሯላ። በማግስቱ ጉድጓዶቹ በአፈር ተደፍነው አገኛቸው። እስከ ልምምዱ ማብቂያም አልተጫወቱም።

የይፋግ ሰው ይህን ጉዳይ ከማንም በተሻለ ማወቅ ነበረበት፤ የፍጻሜውን ልጅ ጨምሮ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ይፋግ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚገናኝባት ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው ከሚወጣበት ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ በአንድ ማርትሬዛ የሚገኘው አሞሌ በየገበያው ይለያይ ነበር። ከትግራይ የመጣው በራሱ አገር ሂሳብ፣ ወደ ጎጃም የሚሻገረውም በራሱ ሂሳብ ልገበያይ ቢል እቃው ሳይራገፍ ይመሽ ነበር። መጀመሪያ በስንት እንደሆነ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ይገበያያሉ።

በበኩላችን የምንለው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ከመነሣቱ በፊት ሁለቱ ተጫዋቾች ይነጋገሩ፦ የመጨረሻው ጠጠር 4 ቢያሞላ ማን ይወስዳል? ጉድጓድ ነክቶ፣ ቆጥሮ መመለስ ይቻላል ወይስ የነካ ያነሣል? የአንዱ በኩል ባዶ ሲሆን የቀረው ጠጠር የማን ነው? ከቀድሞ ጠብ እንዳየነው ከእነዚህ ውጭ የሚያጣላ ብዙም የለም። የተስማሙበትን ዳኛው በወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቱም ለዚያ ጨዋታ ብቻ ይሁን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎች ሁለት ሰዎች ሌላ ደንብ ቢመርጡ መብታቸው ነው። ያልታሰበ ነገር ከመጣ ጠጠር ባለበት ይቁም፤ ማንም እጁን አያስገባ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሳንቲም ይጣልና ይቀጥሉ። ሳንቲሙ የማያውቀው ዘመድ የለውም። የተፈረደውም እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ይጽና። ተመልካች ደግሞ፣ የደራውን ወንድማችንን ጨምሮ፣ እባካችሁ አፋችሁን ያዙልን።

ሁለቱን ልጆች ትናንት ማታ ለየብቻ አነጋግረናል። ሁለቱም «እሱ ከመጣ እመጣለሁ» ብለዋል። ስለዚህ ፍጻሜው በመጪው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንደገና ይደረጋል፤ ዳኛውም በሁለቱ ስምምነት ይመረጣል።

ጠጠሮቹ ከርብ ወንዝ በኪስ ተሸክመን ያመጣናቸው ናቸው፤ በዋልካው ሜዳ ላይ ጠጠር ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያለፋ የፎገራ ልጅ ያውቀዋል። አሁን በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ እኛ ዘንድ ተቀምጠዋል። ስንቆጥራቸው 47 ሆኑ። ተሰረቀ አንልም፤ በግርግሩ መካከል በማን እጅ እንደ ቀረች ግን አላወቅንም። ያገኛት ሰው እስከ ዓርብ ማታ በዚህ ግድግዳ ሥር ቢያስቀምጥልን ማን ነህ ብለን አንጠይቅም።