ስለ ሕንፃ ፈቃድ መዝገብና ጊዜን ስለ ማወቅ

ማናቸውም ሥራ የተወሰነ ጊዜ እንዳለው የማያውቅ የለም። ገበሬ ዝናሙን ተመልክቶ ይዘራል፤ ዓሣ አጥማጅም ነፋሱን አይቶ ታንኳውን ወደ ሐይቁ ያወጣል። ቤት የሚሠራውና ለሠሪው ዕቃ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ሳይገናኙ ይቀራሉ። አንዱ ሲሚንቶ አጥቶ ሥራውን ሲያቆም፣ ሌላው ገዢ አጥቶ ሲሚንቶውን በመጋዘን ያሳድራል። ጉዳቱም የሁለቱ ብቻ ሳይሆን የከተማው ሁሉ ነው።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌም በዚያው መንገድ ወደ ፊት ቀጥላ ናት። ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈባቸው ከተሞች እንደ መሆናቸው መጠን፣ አዲስ ቤት መሥራት ብቻ ሳይሆን የተጎዳውን ማደስም ያስፈልጋቸዋል። ሲሚንቶ የሚሠራው ግን እንደ መቀሌና በሰሜን ሸዋ እንዳለው እንደ ለሚ ባለ ሩቅ ስፍራ ስለ ሆነ፣ በጭነት መኪና ብዙ መንገድ ተጉዞ የሚመጣ ዕቃ ነው። በክረምት እርጥበት በመጋዘን የቆየ ሲሚንቶ ደግሞ እየጠጠረ ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ ያለ ጊዜው ያስመጣ ነጋዴ ይከስራል፤ የከሰረውንም በሚቀጥለው ገዢ ላይ ይጭናል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነው ነገር በማዘጋጃ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ይኸውም የሕንፃ ፈቃድ መዝገብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በ3 ምድብ ከፍሎ፣ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅና የሕንፃ ሹም ፕላኑን እንዲመረምር ደነገገ። ፈቃድ የሚሰጠው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ስለ ሆነ፣ መዝገቡን በማስተዋል የሚመለከት ሰው ገና ያልተሠራውን ቤት አስቀድሞ ያያል።

የቤት ሥራ በተራ የሚሄድ ነው። በመጀመሪያ ድንጋይ፣ አሸዋና ሲሚንቶ ይፈለጋል፤ ቀጥሎ ፌሮና ብሎኬት፤ ከዚያ የጣራ እንጨት፣ ቆርቆሮና ምስማር፤ በመጨረሻ በር፣ መስኮት፣ መስታወትና ቀለም ይመጣል። ፈቃድ በወጣበት ሳምንት ቀለም ይዞ የሚቀርብ ነጋዴ ይቸኩላል፤ ግድግዳው ካለቀ በኋላ ብሎኬት የሚያቀርብም ይዘገያል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ሰው የተነገረ ይመስላል። ከዚህም በላይ የወሎን የበልግና የክረምት ዝናም የሚያውቅ ነጋዴ፣ በነሐሴ ፈቃድ ያወጣ ሰው መሠረቱን ለመቆፈር መስከረም እስኪጠባ እንደሚጠብቅ ይረዳል፤ ጭነቱንም በዚያ መጠን ያዝዛል።

ይህ አሠራር በሌላው ዓለም የተለመደ ነው። በአሜሪካ አገር የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ፈቃዶችን ቁጥር በየወሩ ለሁሉ ይገልጻል፤ ነጋዴዎችና የባንክ ሰዎችም የሚመጣውን የሥራ ብዛት በዚሁ ይገምታሉ።

ነገር ግን ከዚህ ጋር ሊታሰብበት የሚገባ ብርቱ ጉዳይ አለ። መዝገቡ በአንድ ጸሐፊ እጅ ብቻ ተዘግቶ የባለ ቤቶቹ ስም በስውር ለወዳጅ ነጋዴ የሚሰጥ ከሆነ፣ ለሁሉ ሊጠቅም የሚችለው ነገር የጉቦ በር ይሆናል። ቤት ለመሥራት ፈቃድ የጠየቀ ሰው ገንዘብ እንዳለው ለገበያ ሁሉ እንዲታወጅበት አልፈቀደም። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ በ2016 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1321ም ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ የግል መረጃ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል የሚጠብቅ ነው።

ስለዚህ የሚሻለው መንገድ ግልጽ ነው። ማዘጋጃ ቤቶች በየወሩ መጀመሪያ የተሰጠውን ፈቃድ ብዛት በየቀበሌውና በየምድቡ ቈጥረው፣ የማንንም ስም ሳይጠቅሱ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉ ትንሹም ትልቁም ነጋዴ እኩል ያነበዋል። ነጋዴ እንዲጎበኘው የሚፈልግ ባለ ቤት ቢኖር ፈቃዱን በፊርማው ይግለጽ፤ የማይፈልገው ይተው። ይህም ከአንድ ወረቀትና ከአንድ ጸሐፊ የግማሽ ቀን ሥራ በቀር ወጪ አይጠይቅም።

ካህናቱም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚያሠራ ሰበካ ጉባኤ የዕቃውን ዝርዝርና ጊዜውን አስቀድሞ ቢያስታውቅ፣ ምእመናን በመቀነታቸው ቋጥረው ያመጡት ገንዘብ በውድ ዋጋ አይባክንም። ጽፎ መያዝ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ባጻፉት ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ይነበባል። በአምባሰል በኩልም በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ በመገኘቱ የደረሰውን ጥፋት ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ መዝገብ የሚጠቅመው ተጽፎ ሲቀመጥ ብቻ ሳይሆን ለሁሉ በአንድ ዓይነት ሲነበብ ነው። የሐይቅና የውጫሌ ሹማምንት ይህን ቢፈጽሙ፣ ነጋዴው ጊዜውን ያውቃል፤ ባለ ቤቱ በልኩ ይገዛል፤ የሹሙም እጅ ከሐሜት ይጠበቃል።