መዥገርና የውሻችን ልብ

ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ሲጠብቅ ያደረ ውሻ ጠዋት ምግቡን አልቀምስ ብሎ ጥግ ይዞ ሲተኛ ብዙዎቻችን «ምን ነካው?» ብለን እናልፋለን። ልጆቿን አብልታና አልብሳ ወደ ሥራ የምትቸኩል እናት ለውሻው ጊዜ ባይተርፋት አይፈረድባትም። ይሁንና በውሻው ገላ ላይ መዥገር ከታየ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም።

አንዳንድ መዥገሮች ደም ሲመጥጡ ባቤሲያ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ውሻው ደም ያስገባሉ። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1888 በከብቶች ደም ውስጥ ካገኘው ከሩማንያዊው ሐኪም ከቪክቶር ባቤሽ ነው። ተሕዋሱ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ እየተራባ ያፈርሳቸዋል። በዚህ ጊዜ ውሻው ያተኩሰዋል፤ ድዱ ይገረጣል ወይም ብጫ ይሆናል፤ ሽንቱም እንደ ቡና ሊጠቁር ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ልብ ነው። ኦክሲጅን የሚያመላልሱት ሴሎች ሲያንሱ ልብ ጉድለቱን ለማካካስ በፍጥነት ይመታል። ሕመሙ ከጸና የኦክሲጅን እጥረቱና በሰውነት ውስጥ የሚነሣው ብግነት የልብን ጡንቻ ራሱን ሊጎዱት ይችላሉ። ያን ጊዜ ምቱ ሥርዓቱን ይስታል፤ አንዱ ያለጊዜው ይቀድማል፤ ሌላው ይዘገያል። ባቤሲያ ሮሲ የተባለው ኃይለኛ ዓይነት በሚገኝባት በደቡብ አፍሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ይህን መሰሉን መዛባት በልብ መመርመሪያ መሣሪያ ተመልክተዋል።

ውሻው ዐርፎ ሳለ ጣቶቻችሁን በኋላ እግሩ በጭኑ ውስጠኛ በኩል አሳርፉና በ15 ሴኮንድ የቆጠራችሁትን ምት በ4 አባዙት። ያደገ ውሻ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 140 ገደማ ይመታል፤ የትንንሽ ውሾችና የቡችሎች ከዚህ ይፈጥናል። ጤነኛ ውሻ አየር ሲስብ ምቱ ፈጠን፣ ሲያስወጣ ዘግየት ማለቱ የተፈጥሮ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ። ከአተነፋፈሱ ጋር የማይሄድ መዛባት በታመመ ውሻ ላይ ከታየ ግን በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ምቱ ደህና ቢመስልም የድዱ መገርጣት ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ጠባዩ የተለወጠ ወይም ለመናከስ የሚቃጣ ውሻ ከሆነ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና አትንኩት፤ ልጆችንም አርቁ።

ለከብት የተገዛ መድኃኒት በግምት አትውጉት። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት አንዱ ዲሚናዚን መጠኑ ጥቂት ካለፈ የውሻን አንጎል ይጎዳል። ፓራሲታሞልም የተዳከሙትን የደም ሴሎች ይበልጥ ሊያበላሽ ስለሚችል አይሰጠው።

ውሻው ተሽሎት መብላት ሲጀምር ልጆች ደስ ብሏቸው ሊያስሮጡት ይፈልጋሉ። የተጎዳ ልብ ቶሎ ስለማይጠነክር ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ይረፍ። ከሁሉም የሚቀለው ግን መከላከሉ ነው። በየዕለቱ ጆሮውን፣ አንገቱንና የጣቶቹን መካከል ፈትሹ፤ መዥገር ስታገኙ ከቆዳው ሥር በወረንጦ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት። ጋዝ ማፍሰስም ሆነ በእሳት መለብለብ አያስፈልግም።