የልጅ ነፈቃ ገበያ ላይ አይከራከሩበትም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በሮቤም በጎባም ጦላቅ በወደቀ ቁጥር ሽማግሌ ፊት «ለልጁ በወር ስንት?» ይባላል። አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው ይቀንሳል፣ መሃል ላይ ይጨባበጣሉ። በግ የሚሸጥ ነው የሚመስለው።

ሚንሃጅን የቀራን እንደምናውቀው፣ በሻፊዒይ መዝሀብ የሚስት ቀለብ ልክ አለው፤ ባል ሀብታም ከሆነ በቀን ሁለት ሙድ፣ መካከለኛ ከሆነ አንድ ተኩል፣ ድሃ ከሆነ አንድ። የልጅ ግን እንዲህ አልተሰፈረም። መለኪያው ኪፋያ ነው፤ የሚበቃው። ሂንድ ቢንት ዑትባ ባሏ አቡ ሱፍያን በቂ እንደማይሰጣት ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስትነግር፣ የተፈቀደላት ለእሷና ለልጇ የሚበቃውን በአግባቡ እንድትወስድ ነው። ሱረቱ-ጦላቅ ደግሞ አባትን ከአቅሙ በላይ አያስገድድም። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም መቶኛ አልቆረጠም፤ የተቀባዩን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም ነው የሚመዝነው።

ስለዚህ ስሌቱ ከልጁ ይጀምራል፤ ምግቡ፣ ልብሱ፣ መጠለያው፣ ደብተሩ፣ ሕክምናው። የአባት ገቢ ከዚያ ይታያል። «ደመወዝ የለኝም» የሚባለውም ያኔ ነው። (ለስልክ ዳታ ግን አይጠፋም!) ባሌ ስንዴና ገብስ በበልግም በመኸርም የሚታጨድበት አገር ነው። ደመወዝ የሌለው ገበሬ ኮምባይነሩ ከማሳው ሲወጣ የልጁን ኩንታል ቢለይ፣ ለትምህርቱም ጥሬ ብር ቢጨምርበት ምን ይከለክለዋል? እንዲያውም ኩንታሉ ይሻላል እንላለን፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተቆረጠ ብር ዛሬ ያንኑ እህል አይገዛም።

እህቶች፣ ይህን በተለይ አስተውሉ። በመዝሀባችን ያለፈ ጊዜ የልጅ ነፈቃ በመሠረቱ ዕዳ ሆኖ አይጠራቀምም፤ የቃዲ ውሳኔ ሲኖር ነው ጉዳዩ የሚለየው። «ወንድሜ ነው፣ ይሰጠኛል» ብላ ዓመት የጠበቀች እናት ባዶ እጇን ልትቀር ትችላለች። የሽማግሌ ስምምነት መልካም ነው፤ ግን ሳይውል ሳያድር ቃዲ ዘንድ ይጻፍ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው። አባትየው እንቢ ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት አለ።

እናትየው ሌላ ባል አገባች ብሎ ያቋረጠም አለ። ትዳሯ የሒዳናን ጥያቄ ያስነሳ ይሆናል፤ የልጁ ነፈቃ ግን አሁንም በአባቱ ጫንቃ ላይ ነው።