የኤንት ሴቶችን አታግኙልን

በቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ትሪቢርድ የሚባል፣ መልኩ ዛፍ የሚመስል ሽማግሌ አለ። ኤንት ከሚባሉት የዛፍ እረኞች ወገን ነው። ሜሪና ፒፒን የተባሉት ሁለት ሆቢቶች ፋንጎርን ደን ውስጥ ሲያገኙት አገሩ ሁሉ በጦርነት አፋፍ ላይ ነው፤ እሱ ግን የአገራቸውን ነገር አስወርቶ፣ በዚያ የኤንት ሴቶች አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። ወንዶቹ ኤንቶች ዱሩን ወደዱ፤ ሴቶቹ ደግሞ አትክልቱንና እህሉን፣ በእጅ የለማውን መሬት። ሴቶቹ ትልቁን ወንዝ ተሻግረው ሄዱ። ከብዙ ዘመን በኋላ ወንዶቹ ሊጠይቋቸው ሲሻገሩ የአትክልት ቦታው በጦርነት ተቃጥሎ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው ፍለጋ ብቻ ነው። ጦርነቱ አልቆ ሁሉም ወደየቤቱ ሲበተንም ትሪቢርድ ለሆቢቶቹ የሚሰጠው አደራ ይኸው ነው፤ ወሬያቸውን ከሰማችሁ ላኩብኝ።

መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ የኤንት ሴቶች የት እንደደረሱ ይከራከራሉ። ማስረጃም አላቸው። ገና በታሪኩ መጀመሪያ ሳም የተባለ ሌላ ሆቢት በመጠጥ ቤት ተቀምጦ፣ የአጎቱ ልጅ በሰሜን በኩል እንደ ዛፍ የረዘመ፣ የሚራመድ ነገር አይቻለሁ ማለቱን ያወራል፤ ማንም አያምነውም። ትሪቢርድ ደግሞ የሆቢቶቹ አገር ሴቶቹን ደስ የሚያሰኝ አገር እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱን ቦታዎች ያገናኘ አንባቢ ልቡ ይሰቀላል። የእኔም ተሰቅሏል። መልሱ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ባለመኖሩም ደስ ይለኛል።

ሥራዬ የልብ ወለድ ረቂቅ ማንበብና ማረም ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የራሳቸውን ዓለም ፈጥረው የሚመጡ ወጣት ጸሐፊዎች በዝተዋል፤ በዚህም ከልቤ ደስ ይለኛል። ረቂቁ ሲመጣ ግን ካርታ፣ የነገሥታት ዝርዝርና የአስማቱ ሕግ አብረውት ይመጣሉ። አንዲት ልጅ ያመጣችው ረቂቅ ሌሊት ጅቦች በሯ ድረስ መጥተው የሚመለሱባት ከተማ ነበረችበት። የከተማው ሰው ስለዚህ የሚያወራው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ነው፤ ሕፃናት በሩን ተደግፈው ጅብ ይቆጥራሉ። እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ ብርቅ ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ታሪኩ ቆመና አንድ ጥንታዊ ንጉሥ ከጅቦቹ ጋር የተዋዋለው ውል አንቀጽ በአንቀጽ ተዘረዘረ። ይህን ለምን አስገባሽው ብላት፣ «አንባቢ ቢጠይቀኝስ?» አለችኝ።

ይጠይቅ። መጽሐፍ ከታጠፈ በኋላም የሚጠይቅ አንባቢ ማግኘት ለጸሐፊ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ለእሷ የሰጠኋት ምክር፣ ጥያቄውን ከአንባቢው በፊት ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ እንዲጠይቀው ነው። በከተማዋ ውስጥ ጅቦቹ ለምን እንደማይገቡ ዕድሜዋን ሙሉ ስታሰላስል የኖረች አሮጊት ብትኖር፣ ክፍተቱ የጸሐፊዋ ጉድለት መስሎ አይታይም፤ የዚያ ዓለም ሰዎች የሚኖሩበት ነገር ይሆናል። የትሪቢርድ ጥያቄ ልብ የሚነካው በዚህ ነው። እሱ የማያውቀውን እኛ በሌላ በኩል ብናውቀው ኀዘኑን ከላይ ሆነን የምንመለከት እንሆናለን።

ይህን ስል ስንፍናን መከላከሌ አይደለም። መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ። የጠላት አገር ሞርዶር አመዳም ምድር ነው፤ እልፍ አእላፍ ሠራዊት እዚያ ምን ይበላል? ቶልኪን ይህን በአንድ አንቀጽ ይመልሰዋል፤ በደቡብ በኩል፣ በኑርነን ሐይቅ ዙሪያ ባሮች የሚያርሱት ሰፊ እርሻ አለ። በዚያ የሚጓዙት ሆቢቶች ፍሮዶና ሳም ይህን አያውቁም፤ ተራኪው ነው ለእኛ የሚነግረን። መጨረሻ ላይ አራጎርን ከነገሠ በኋላ ባሮቹን ነፃ አውጥቶ መሬቱን ለራሳቸው ይሰጣቸዋል። የስንቅ ጥያቄ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል የነበረው ነገር ወደ ፍትሕ ጥያቄ አደገ። እንዲህ ያለውን የሚዘነጋ ጸሐፊ አንባቢ ቢቆጣው ተገቢ ነው።

ቶም ቦምባዲል ግን ሌላ ነው። ያጠለቀውን ሰው የሚሰውረውን የታሪኩን ቀለበት ጣቱ ላይ ሲያጠልቀው አይሰወርም፤ ፍሮዶ አጥልቆት ሲሰወር ደግሞ ቶም ያየዋል። ዓለሙን ሁሉ የሚያስጨንቀው ነገር ለእሱ የልጅ መጫወቻ ነው። ማን ነው? ፍሮዶ መጀመሪያ የቶምን ሚስት ጎልድቤሪን፣ ቀጥሎ ራሱን ቶምን ይጠይቃል፤ ከሁለቱም አጥጋቢ መልስ አያገኝም። ከልደት ታሪኩ ብንነሣ፣ ቶም የቶልኪን ልጆች አሻንጉሊት ነበር፤ ስለ እሱ የተጻፈው ግጥም እ.ኤ.አ. በ1934 በአንድ የኦክስፎርድ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ይህ ግን ከየት እንደመጣ እንጂ ማን እንደሆነ አይነግረንም። ቶልኪን በሚያዝያ 1954፣ መጽሐፉ ገና ሳይወጣ፣ የማተሚያውን ረቂቅ ታነብ ለነበረችው ለደራሲት ናኦሚ ሚቺሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ በአፈ ታሪክ ዘመን እንኳ እንቆቅልሽ መኖር እንዳለበትና ቦምባዲልን ሆን ብሎ እንቆቅልሽ አድርጎ እንደተወው ገልጿል። በዚያው ደብዳቤ የኤንት ሴቶችም በጦርነቱ ከነአትክልታቸው ለዘላለም ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ያስባል። ልብ በሉ፤ ያስባል እንጂ አይፈርድም። የገዛ ዓለሙን እንደ ታሪክ ተመራማሪ ነው የሚያየው።

በዚያው ዓመት የአንድ የካቶሊክ መጻሕፍት መደብር ኃላፊ የሃይማኖት ጥያቄዎችን ደርድሮ ጻፈለት። ቶልኪን ረጅም መልስ ጀመረ፤ አልላከውም። ራሱን ከልክ በላይ የሚያከብር እንዳይመስል ሰግቶ እንደተወው ረቂቁ ላይ ጽፎበታል። ለእኔ በደብዳቤዎቹ ስብስብ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቁ ይህ ያልተላከው ነው።

መልስ ማጣትን በሙያውም ያውቀው ነበር። በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያሳተመው ጥናት፣ የጥንት እንግሊዛውያን ኢትዮጵያውያንን የሚጠሩበት «ሲገልዋራ» የተባለ ስም ከየት እንደመጣ የሚመረምር ነው። የቃሉ ሥር ከፀሐይ፣ ከዕንቁ፣ ከጥላሸትና ከፍም ጋር ሳይገናኝ እንደማይቀር ገመተ፤ የእኛ ሕዝብ መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የእሳት ፍጡራን ስም ሳይሆን አልቀረም አለ። ከግምት አልፎ ግን አልሄደም፤ ያን ስም መጀመሪያ የተናገሩት ሰዎች ያሰቡት ነገር ከእነሱ ጋር ጠፍቷል። የልብ ወለዱ እሳታም ጭራቅ ባልሮግ ከዚህ ምርምር አንዳች ነገር ወስዷል የሚሉ አጥኚዎች አሉ። አንድ የጠፋ ትርጉም ሲያሳድድ የኖረ ሰው፣ በፈጠረው ዓለም ውስጥ የጠፉ ነገሮችን ቢተው አያስገርመኝም።

ደግሞ መልስ ሁልጊዜ ይጎዳል ማለት አይደለም። አራጎርን በሞሪያ ጨለማ ውስጥ አስማተኛውን ጋንዳልፍን ሲያሞግስ ከንግሥት ቤሩቲዬል ድመቶች ጋር ያወዳድረዋል፤ ድመቶቹ እነማን እንደሆኑ መጽሐፉ ትንፍሽ አይልም። ቶልኪን ራሱም ያኔ አያውቅም ነበር። ቆይቶ አወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው «ያልተጠናቀቁ ተረኮች» ውስጥ ንግሥቲቱ ዘጠኝ ጥቁር ድመቶችና አንድ ነጭ ድመት እንደነበሯት፣ ጥቁሮቹ የጎንዶርን ሰው ምስጢር ይሰልሉላት እንደነበር፣ ንጉሡም ከነድመቶቿ በመርከብ ጭኖ እንዳባረራት ይነበባል። ይህ መልስ ደስ የሚለኝ ሌላ አሥር ጥያቄ ይዞ ስለመጣ ነው።

የቶልኪን ልጅ ክሪስቶፈርም ክፍተትን እንዳለ መተው እንደሚቻል የተረዳው በሂደት ነው። «ሲልማሪሊዮንን» እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያሳትም የአባቱን ጽሑፎች አስማምቶ አንድ ወጥ ታሪክ አደረጋቸው። የጠላት ወታደሮች የሆኑት ኦርኮች ከየት መጡ ለሚለው፣ ተማርከው የተበላሹ ኤልፎች ናቸው የሚል መልስ በዚያ ተቀመጠ። ከ1983 እስከ 1996 ባሳተማቸው አሥራ ሁለት ቅጾች ግን ረቂቆቹን ከነቅራኔያቸው አወጣቸው። አባቱ በኦርኮች ጉዳይ በስተርጅና እንደተጠራጠረ የምናውቀው በዚህ ነው። ወደ ምሥራቅ የሄዱት ሁለቱ ሰማያዊ አስማተኞችም ከተልእኳቸው ሳይወድቁ እንዳልቀሩ ቶልኪን በ1958 በጻፈው ደብዳቤ ይናገራል፤ በመጨረሻው ቅጽ የወጣው የኋለኛ ማስታወሻ ግን የምሥራቁን የጠላት ኃይሎች በማዳከም ብዙ ሳይጠቅሙ አልቀሩም ይላል። ሁለቱም ቆመዋል። የሟች ደራሲ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሁሉ ይህን ልጅ ቢከተል እወዳለሁ።

ቅሬታዬ በቶልኪን ዓለም ላይ ከተመሠረተው የአማዞን ተከታታይ ፊልም ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሁለተኛ ምዕራፍ የኤንት ሴትም ቦምባዲልም ታይተዋል። በኤንቷ አልከፋም፤ ዘመኑ ሴቶቹ ከመጥፋታቸው በፊት ነው፤ የትሪቢርድን አደራ የሚነካ ነገር የለም። በቦምባዲል ግን አዝኛለሁ። የአስማተኛ መምህር አደረጉት፤ ክፉውን ተነሥተህ ተጋፈጥ የሚል ተልእኮ ሰጪ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ቀለበቱ በሚመክረው ጉባኤ ላይ ቀለበቱ ለቶም ይሰጥ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ጋንዳልፍ የሚመልሰው፣ ቢቀበለውም ይረሳዋል ወይም የሆነ ቦታ ይጥለዋል ብሎ ነው። የዓለም ዕጣ የማያስጨንቀውን ያንን ሰው የጦርነቱ አሠልጣኝ ካደረጉት በኋላ፣ ፍሮዶ በዚያ ቤት ተቀምጦ «ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖረውም።